«ገና ገና ነው»ን ማን ያንብብልን?

አማርኛ የሚያነብ ማሽን መጥቷል። ጽሑፉን ትመርጣላችሁ፣ አንዲት ምልክት ትነካላችሁ፣ ሳል የማያውቀው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። ደመወዝ አይጠይቅም። ሻይ አይልም። «የቀረውን ነገ ልጨርስልህ» ብሎም አያውቅ። ምራቁን እንኳ አይውጥም (ይህ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስፈራል፤ በኋላ ይለመዳል)።

እኛ አምስት ነን፤ ስንከራከር ግን አሥራ አምስት እንመስላለን። ጽሑፎቻችን ከመነበብ አልፈው ይደመጡ ያልነው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የታክሲው ጉዳይ ነበረ። ከሜክሲኮ መገናኛ ታጥፎ የሚሄድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ረጅም ጽሑፍ ላንብብ ካለ አንገቱንም ስልኩንም ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮ ውስጥ ሲሆን ግን ሁሉም በየቦታው ነው። ቀጥሎ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የአንዳችን እህት «ሥራ የያዘው እጄን ነው፤ ጆሮዬ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው» አለችን። ሦስተኛው ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ ያደገ የአክስት ልጅ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ሲናደድም ይሳደብበታል። ፊደል ግን አይለይም። ‹ሀ› እና ‹ለ› ለእሱ የጌጥ ሥዕሎች ናቸው። አክስታችን ያንብቡለት እንዳይባል፣ ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ለማውለቅ እንኳ አቅም የላቸውም።

አራተኛ ሰውም አለ። እሱን በኋላ እናመጣዋለን።

ስለ መሣሪያዎቹ ትንሽ እንበል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል፣ በነፃ የሚገኝ፣ ምላሱ ከቆርቆሮ የተሠራ የሚመስል ፕሮግራም አለ። ከሚያነባቸው ብዙ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ድምፁ ሰው አይመስልም፤ ለመምሰልም አይሞክርም። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት መቅደስ እና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆችን አወጣ። እነዚህ ከሰው ንባብ ቅጂ የተማሩ ስለሆኑ በሩቁ የሰማቸው ሰው ጎረቤት ሬዲዮ የተከፈተ ሊመስለው ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚሰማና የሚናገር ሥራ ለሕዝብ ለቀቀ፤ አማርኛም አለበት። ይህን ሁሉ ቋንቋ የሚያስተምር ቅጂ ከየት ተገኘ ካላችሁ፣ መልሱ አዲስ ኪዳን ነው። በዚያ ብዛት ቋንቋ የተተረጎመ፣ በዚያ ብዛት ቋንቋም በድምፅ የተቀዳ ሌላ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ይኸኛው ማሽን የተማረው በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ እንደሚጀምር የቆሎ ተማሪ ነው ብንል ብዙ አልዋሸንም።

እንግዲህ አንድ መሣሪያ መረጥን። የቱን እንደሆነ አንናገርም፤ ከማሽን ጋር ጠብ አንፈልግም። ከመካከላችን አንዱ በኅዳር ወር የጻፈውን ሰጠነው። ጽሑፉ «በዓሉ ሳይደርስ ሱቁ ሁሉ መብራትና ጥጥ ለብሷል» ብሎ የሚቀልድ ነው። ርዕሱ «ገና ገና ነው»። ገብቷችኋል አይደል? በዓሉ ጊዜ ይቀረዋል ለማለት ነው። የፊተኛው ‹ገና› ጠብቆ፣ የኋለኛው ላልቶ። ማሽኑ ሆዬ ሁለቱንም እኩል አላልቶ ለቀቃቸው። ምኑ ነው ገና? አውቶቡሱ? ምሳው? ጸሐፊው ፊቱ ሲቀላ እኛ መሬት ላይ ነበርን።

ከዚያ በኋላማ አላቆምንም። «ዋና ሥራ አስኪያጁ» ላልቶ ተነበበና ሰውዬው የመዋኛ ገንዳ ኃላፊ ሆነው አረፉት። «ሰፊ ቤት» ያልነው የልብስ ሰፊ ቤት ሆነ። «ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣበት» ስንል የቆዳ በሽታ ማለታችን ነበር፤ ማሽኑ ፊቱ ላይ ባለ ጠመንጃ አወጣበት። «ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማል» የሚለው ላይ ድምፁ ራሱ ጆሮ አውጥቶ መስማት ጀመረ።

ነገሩን ለማሽኑ ብቻ መስጠት ግን አይቻልም። ፊደላችን ብዙ ውለታ የዋለልን ፊደል ነው፤ አንድ ነገር ግን አይጽፍም፤ መጥበቅና መላላትን። ‹አለ› ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ ‹ይመታል› መቺ ይሁን ተመቺ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። ምልክት ጠፍቶ አይደለም። አንዳንድ መዝገበ ቃላትና የሰዋስው መጽሐፍ ከፊደሉ አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያስቀምጥለታል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ለዚህችም ምልክት በ2005 ቦታ ተሰጥቷታል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ቦታው አለ፤ የሚቀመጥበት የለም። እስቲ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት።

ሳድሱም አለ። «ልብስ» ብላችሁ ጻፉ። ሦስቱም ሳድስ ናቸው። የመጀመሪያው ትንሽ አናባቢ ይዟል፤ ሁለቱ ምንም አልያዙም። ማን ነገራችሁ? ማንም። ከእናታችሁ ጓዳ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቀን ነገር፣ ስለ አማርኛ አጻጻፍ ስንጣላ የኖርነው በሌላ ጉዳይ መሆኑ ነው። ንጉሡ ‹ሠ› ነው እሳቱ ‹ሰ›? ሐመሩ ‹ሐ› ነው ብዙኃኑ ‹ኀ›? ፀሐዩ ነው ጸሎቱ? በዚህ ምክንያት ጓደኛ የተኮራረፈ አለ (ከእኛ መካከልም አሉ፤ ስም አንጠቅስም)። ለማሽኑ ይህ ሁሉ ጠብ አየር ነው። «ሥዕል» ጻፉለት «ስእል»፣ ያው አንድ አድርጎ ያነብላችኋል። የምንጣላበትን አይፈልገውም፤ የሚፈልገውን አንጽፍለትም።

ልማዳችንም አላገዘውም። «ት/ቤት» ጋ ሲደርስ «ት» ብሎ ይደናቀፍና፣ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ «ቤት» ይላል። «እ.ኤ.አ.» ላይ የደረሰ ጊዜ ደግሞ ጥርሱን ሊነቀል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ «እ… ኤ… አ…»። ትእምርተ ስላቅ፣ ይቺ የተገለበጠች ቃለ አጋኖ፣ ለእሱ አልተፈጠረችም። «ኑሮ ስለተወደደልን ከልብ እናመሰግናለን¡» ብለን የጻፍነውን በእውነት ከልቡ አመሰገነልን። የስላቅ ጸሐፊ ከዚህ የባሰ ቀን ያያል ብለን አናስብም።

ሳቃችን ሲያልቅ ክርክሩ ተጀመረ።

ግማሾቻችን «ማሽኑ ይቅር፤ ራሳችን እናንብብ» አሉ። ይህ አገር በድምፅ ንባብ ድሃ አይደለም። የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው፣ ዛሬ መጽሐፉን ገልጦ በዝምታ ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የሚቆጡት በእሱ ጉሮሮ ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ማሽን ይዞ መግባት ሠርግ ቤት ካልኩሌተር ይዞ እንደ መሄድ ነው አለ አንዱ። የቀሩት «እኛ ግን ወጋየሁ አይደለንም» አሉ። ይህም እውነት ነው። አንድ ጽሑፍ ስንቀዳ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በላን። ልክ ቁም ነገሩ ጋ ስንደርስ በመስኮት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ይገባል። እሱ ሲያልፍ ውሻው ይቀጥላል። ውሻው ሲደክመው የአከራያችን ቴሌቪዥን።

አራተኛው ሰው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የምናውቀው ወዳጃችን ነው። ሕግ ነው የተማረው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አያይም። ዳኝነት ሰጠነው። መጀመሪያ ራሳችን ያነበብነውን አሰማነው፤ ከፊቱ ትንሽ ክራር ጣል አድርገንበታል። ቀጥሎ የማሽኑን። እጁን አጣጥፎ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰማ።

«የቱ ይሻላል?»

መልስ አልሰጠንም። ስልኩን አውጥቶ የራሱን አንባቢ ከፈተልን። የታክሲ ረዳት ቸኩሎ «መገናኛ-መገናኛ-መገናኛ» ሲል ሰምታችኋል? የእሱ እጥፍ በሉት። አንዲት ቃል አልያዝንም። አንዳችን ስልኩ የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«የእኔ ፍጥነት ይሄ ነው» አለ። «እናንተስ ስታነቡ ዓይናችሁ እንደ ዜና አንባቢ ነው እንዴ የሚሄደው?»

ከዚያ የእኛን ንባብ አመሰገነ። ጥሩ ነው አለ፤ ለመዝናናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየጠጡ። «ላነብ ስል ግን ሰው አልፈልግም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዲያብራራት ለመንነው። ስድስት ኪሎ ሳለ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ የሚማረው በሰው ዓይን ነበር። የሚያነብለት ፈቃደኛ ይፈልጋል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ አንዳንዴም ካሴት ላይ ያስቀዳል። ፈተና ሲደርስ አንባቢውም የራሱ ፈተና አለበት። ብሬልስ? ብሬል ያውቃል፤ የሚፈልጋቸው መጻሕፍት ግን በብሬል አልነበሩም።

«ሰው ሲያነብልኝ የማዳምጠው መጽሐፉን ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹንም ነው» አለን። «ሲያዛጋ እሰማዋለሁ። ‹ይበቃል፣ ገብቶኛል› እለዋለሁ። አልገባኝም። ግን ልጁ ደክሞታል። ‹እስቲ መልሰህ አንብባት› ማለት አንዴ ይቻላል። ሁለቴ ያሳፍራል። ሦስተኛውን ሞክሬው አላውቅም። ማሽኑን ግን አንዷን መስመር ሃያ ጊዜ አስነብቤዋለሁ። አመሰግናለሁ ብዬውም አላውቅ።»

አንዳችን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«ሰው ደግሞ ይዘላል» አለ። «አስቀያሚ ነገር ሲመጣ ይዘላል። አሰልቺ ሲመስለው ይዘላል። ስለ ዓይነ ስውራን የተጻፈ ነገር ሲመጣማ እንዳይከፋኝ ብሎ ይዘላል። መዝለሉን ከድምፁ አውቃለሁ፤ ምን እንደዘለለ ግን አላውቅም።»

ከዚያ የነገረን ነገር ከመሣሪያም ከጽሑፍም ያለፈ ነው። ስልክ ማንበብ ከጀመረለት ወዲህ የባንክ ሒሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አወቀ። «ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነበር የምናውቀው። የሐኪም ወረቀቴን ሁለት ሆነን። የፈተና ውጤቴን ሁለት ሆነን። አንዲት ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ የጻፈችልኝንም ሁለት ሆነን፤ ያውም የሚያነብልኝ ልጅ እየሳቀ።»

እንደ ልማዳችን የሆነ ቀልድ ይወረወራል ብለን ጠበቅን። አልመጣም።

ትንሽ ቆይቶ አንዳችን (የኅዳሩ ጽሑፍ ባለቤት መሆኑን ገምታችኋል) «ለመሆኑ ርዕሱ ሲነበብ ምን ሰማህ?» አለው።

«ገና ገና ነው ነዋ» አለ፤ የፊተኛውን አጥብቆ፣ የኋለኛውን አላልቶ፣ ልክ እንደተጻፈው።

«ማሽኑ ሁለቱንም አላልቶ ነው እኮ ያነበበው!»

«አውቃለሁ። ጆሮዬ ያጠብቀዋል። ለእናንተስ ወረቀቱ ላይ ጠብቆ ተጽፎላችሁ ነው?»

ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ይቻላል። ዓይኑ የሚያይ አንባቢ ከወረቀቱ ላይ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ከራሱ ይጨምራል። እሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወረቀቱ ድምፅ ሆነለት እንጂ። የማሽኑ አለማወቅ እኛን አሳቀን፤ ለእሱ ግን ዋናው ነገር (ጠብቆ ይነበብልን) ማሽኑ አለመዝለሉ ነው።

ለነገሩ ታሪኩን ስናይ እኛ ነን እንግዶቹ። ሬይ ከርዝዋይል የሚባለው አሜሪካዊ በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ ገጽ እያየ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ይዞ ሲወጣ ያሰበው ለማያዩ ሰዎች ነበር፤ ጠረጴዛ የሚሞላ ግዙፍ ዕቃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ዘፋኙ ስቲቪ ወንደር ነበር። ብዙ ቆይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከራን የሚባል የማያይ አውስትራሊያዊ ወጣት፣ የኮምፒውተርን ገጽ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ዋጋ የማይቀመስ ሆኖ ስላገኘው፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን በነፃ የሚታደል አንባቢ መሥራት ጀመረ። ያ ባለ ቆርቆሮ ምላሱ ኢስፒክ ኤንጂ አብሮት ይመጣል። እኛ ለታክሲ መንገድ የፈለግነው መሣሪያ የተወለደው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሕግም አለ፤ ማራካሽ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስምምነት ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በሚያነቡት መልክ ማዘጋጀት እንዲፈቀድ ያደርጋል። ኢትዮጵያም በ2020 እ.ኤ.አ. ገብታበታለች። ወዳጃችን ይህን አንቀጽ በአንቀጽ ያውቀዋል፤ ሕግ ተማሪ አይደል!

«ታዲያ የሚያናድድህ ምንድን ነው?» አልነው፤ እኛ «ገና»ን ልንጠግን ወገባችንን ታጥቀን ተነስተን ነበርና።

«ፎቶ» አለ።

ፎቶ ማለቱ ጽሑፍን በሥዕል መልክ መለጠፍ ነው። አማርኛ ላይ ይህ ነገር ከልክ አልፏል። ማስታወቂያው ፎቶ፣ የሐዘን መግለጫው ፎቶ፣ የሥራ ቅጥር ማስታወቂያው ፎቶ፣ ግጥሙ ጽጌረዳ ላይ የተጻፈ ፎቶ። የእሱ ስልክ እዚያ ሲደርስ «ሥዕል» ብሎ ያልፋል። ሥዕሉ ውስጥ የተሸሸገ ፊደል የሚፈልጉ መሣሪያዎች አሉ፤ ጽጌረዳ ላይ ለተጻፈ አማርኛ ግን እስካሁን በእነሱ አይመካም። ሁለተኛው ናዳ የቆዩት ጽሑፎች ናቸው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት አማርኛ የምንተይብባቸው ፎንቶች ማታለያ ነበሩ። ስክሪኑ ላይ ‹ሀ› ይታያል፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ሆሄ ነው። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለጆሮ ግን በእንግሊዝኛ ሆሄ የተሞላ፣ እንግሊዝኛም ያልሆነ መንተባተብ። ስንትና ስንት ጋዜጣና መጽሔት እንዲህ ሆኖ ተቀምጧል። ዓይን ያለው ያነበዋል፤ ማሽን ይዞ የመጣ በሩ ላይ ይቀራል።

የማይዘልል አንባቢ ጉዳይ በሌላ በኩልም መጣብን። ከመካከላችን የአንዱን እናት ፊደል ያገኛቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስማቸውን መፈረም አስተምሯቸው አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮ አላስተማራቸውም። እንጀራ ሸጠው ነው ያሳደጉት። ልጃቸው የሚጽፈውን አልፎ አልፎ ራሱ ያነብላቸዋል። አንድ እሑድ ግን ስለ እሳቸው የጻፈውን ስልኩ እንዲያነብላቸው ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦላቸው ከሰል ሊያራግብ ወጣ (ከሰሉ መራገብ አልነበረበትም፤ እኛም ነበርንና አይተናል)።

ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ለምዝገባ ብር ተበድረው የተመለሱ ቀን፣ ማንም አላየኝም ብለው ጓዳ ውስጥ ያለቀሱት። ልጁ አይቷቸው ነበር። ማሽኑ ይህን ስለ ጤፍ ዋጋ ካነበበበት ቃና ሳይለውጥ አነበበው። ልቅሶ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ጓዳ፣ አራት ነጥብ። እናትየው ስኒውን አስቀመጡ። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄን አንተ ብታነብልኝ ትዘለው ነበር» አሉት።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ይሄ ሰውዬ አልዘለለውም።»

«ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው።»

«ይሁን። ደግሞ ያንብበው እስቲ፤ እዚያችው ጋ።» ሁለተኛ ሲሰሙት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከማን እንደተበደርኩ ስሟን አለመጥራትህ ጥሩ ነው» ብለው ሦስተኛውን ቡና ቀዱ። ስለ ልቅሶው እስከ ዛሬ አልተነሳም። እሑድ እሑድ ግን «ያ ሰውዬ የለም?» ይላሉ።

አሁን አሠራራችን እንዲህ ሆኗል። ለማድመጥ በምናዘጋጀው ቅጂ ላይ በእዝባር የተቆረጠውን ሁሉ እንዘረጋዋለን፤ «ት/ቤት» ትምህርት ቤት ይሆናል፣ «ወ/ሮ» ወይዘሮ። ለዓይን የሚቀርበው እንደ ልማዳችን ይቆያል፤ «እ.ኤ.አ.»ን ከላይ ያያችሁት ለዚህ ነው። ጽሑፍ በፎቶ አንለጥፍም፤ ጽጌረዳ ወዳዱ ጓደኛችን በድምፅ ብልጫ ተረቷል። ከማውጣታችን በፊት ረቂቁን ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ይህች ሳናስብ ያገኘናት ጥቅም ናት። አንዳችን አራት ነጥብን እንደ ግብር የሚሸሽ ሰው ነው። ግማሽ ገጽ የሚሄድ ዓረፍተ ነገሩን ማሽኑ ትንፋሽ ሳይወስድ ሲያስኬደው እኛ ሰሚዎቹ አየር አጠረን፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ነጥብ ያስቀምጣል። «ዋና»ን «ሰፊ»ን ግን ማሽኑ እንዳይሳሳት ብለን ከአማርኛችን አናባርራቸውም። ወዳጃችንም ይህን አይፈልግም፤ «ለእኔ ብላችሁ ደረቅ እንዳትጽፉ» ብሎ አስጠንቅቆናል። «ገና ገና ነው» እንደተጻፈ አለ።

ያልተፈታው ቅኔው ነው። ሁለቱ ግጥም ይጽፋሉ፤ ያውም በኅብረ ቃል የሚጫወት፣ አንዷ ቃል ጠብቃ ሰም፣ ላልታ ወርቅ የምትሆንበት። ወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ድምፅ ሲሆን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ጉሮሮ የለም፤ የሰውም የማሽንም። ስለዚህ ግጥሞቹን ባለቤቶቹ ራሳቸው ያነባሉ፤ ቁራሌው ሲመጣ ይቆማሉ፤ ሲሄድ ይቀጥላሉ። አንዷ ሁለት ጊዜ ታነበዋለች፤ አንዴ አጥብቃ፣ አንዴ አላልታ። ወዳጃችን ሁለተኛውን ሲሰማ ሳቅ ብሎ «አሁን ነገራችሁኝ» ይላል፤ ቅር ብሎት ይሁን ደስ ብሎት አልገባንም።

የድምፅ ምርጫም ሌላ ጠብ ነው። ጓደኛችን ስለ አያቷ ቤት የጻፈችውን አንዴ በወንድ ድምፅ ብንከፍተው «እኔ የሄድኩበት ቤት ሌላ ሰው ገባበት» ብላ አኮረፈች። ሌላው ደግሞ በሴቷ ድምፅ መነበቡን ወዶታል፤ ጨዋ አደረገችኝ ይላል። ስቲቨን ሆኪንግ፣ ዴኒስ ክላት የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከራሱ ድምፅ ተነስቶ የሠራውን ያን የብረት ድምፅ፣ የተሻለ ሲመጣ እንኳ አልቀይርም ያለው የእኔ ነው ብሎ ስለያዘው ነበር። እኛ እዚያ አልደረስንም። የራሳችሁን ድምፅ አስቀድታችሁ ማሽኑ በእናንተው ጉሮሮ ያንብብ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። አኩራፊዋ ጓደኛችን «ያላልኩትን በድምፄ ሊያስብሉኝ?» ብላ ዘጋችው።

ይህ ጽሑፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር «እኛ» እያለ የተጻፈ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ጉሮሮ። ሦስታችን የሴቷ ድምፅ ታንብበው ብለናል፤ ሁለቱ ወንዱ። ወዳጃችንን ጠይቀነው «በእኔ ፍጥነት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ብቻ ዛሬ ማታ ይድረሰኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።